«ለእኛ ዓይነቱ አይሰጥም»፦ ስለ ፋፍሳ ቡና ላይ የሚወሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ልጁ አስራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰለት ሐበሻ ወላጅ ቡና ላይ ሲቀመጥ ይህ ወሬ መነሳቱ አይቀርም፦ ፋፍሳን (ለኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ የሚሞላውን የፌዴራል መንግሥት ቅጽ) እንሙላ ወይስ ይቅርብን? አባት ኡበር ይነዳል፣ እናት ነርስ ናት፤ ሁለቱ ተደምሮ በዓመት 120 ሺህ ዶላር ያገኛሉ እንበል። ድሆች አይደሉም። የኮሌጅ ሂሳብ ፊት ሲቆሙ ግን ሀብታምም አይደሉም። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ «ይቅርብን» በሚለው ያልቃል፤ የሚቀርቡት ምክንያቶች ግን ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

«ከመቶ ሺህ በላይ ያለው ማመልከት አይችልም።»

ይችላል። ፋፍሳ የገቢ ጣሪያ የለውም። ወሬው የመጣው ከፔል ግራንት፣ ማለትም ከማይመለሰው የፌዴራል ድጎማ ይመስለኛል። ፔል በ2025–26 ቢበዛ 7,395 ዶላር ሲሆን፣ የሚሄደውም በአብዛኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ነው። ቅጹ ግን ለፔል ብቻ አይሞላም። ስቴቶችና ኮሌጆች የራሳቸውን ገንዘብ ሲያድሉ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

«ስመ ጥሩ ኮሌጅ ውድ ስለሆነ ልጁ ባያስበው ይሻላል።»

ይህኛው ብዙ ልጅ ጎድቷል ባይ ነኝ። የተለጠፈው ዋጋ ሌላ፣ ቤተሰቡ የሚከፍለው ሌላ። የሃርቫርድ ሙሉ የዓመት ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ሆኖም ከ2025–26 ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 200 ሺህ ዶላር የሆነና ከወትሮው የተለየ ሀብት የሌላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ አይጠየቁም። ኤምአይቲም እንዲሁ አድርጓል። ነርሷና ሹፌሩ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እርግጥ እዚያ ተቀባይነት ማግኘቱ ራሱ የግመልና የመርፌ ቀዳዳ ነገር ነው፤ እንደነሱ የተጠራቀመ ገንዘብ የሌለው የግል ኮሌጅም ይህን ያህል አይቸርም። ግን መገመት ለምን ያስፈልጋል? ከ2011 ወዲህ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የተጣራ ዋጋ ማስያ (ድጋፉ ተቀንሶ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት) ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የታክስ ወረቀት ይዞ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ነው።

«ቤት ስላለን ይቆጥሩብናል።»

የምትኖሩበትን ቤት ፋፍሳ አይጠይቅም፤ የጡረታ ቁጠባችሁንም እንዲሁ። አዲስ አበባ ያለው ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። አትኖሩበትምና እንደ ኢንቨስትመንት ይቆጠራል፣ ባሕር ማዶ ነው ተብሎ አይታለፍም። የእቁብ ገንዘብም ደርሷችሁ ባንክ ከተቀመጠ ቅጹን በምትሞሉበት ቀን ያለው መጠን ይጻፋል። ያም ሆኖ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፦ በወላጅ ስም ያለ 10,000 ዶላር ቤተሰቡ ይከፍላል ተብሎ የሚሰላውን ቢበዛ 564 ዶላር ያህል ይጨምራል። ያው ገንዘብ በልጁ ስም ከተቀመጠ 2,000 ዶላር። ለልጃችሁ በስሙ አካውንት የከፈታችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለውን ተጨማሪ ቅጽ የሚጠይቁ የግል ኮሌጆች ደግሞ የመኖሪያ ቤታችሁንም ሊያዩ ይችላሉ፤ አሠራራቸው ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያል።

«ለአገር ቤት የምልከው ይቀነስልኛል።»

አይቀነስም። ቀመሩ እናታችሁን ጎንደር ላይ አያያትም። ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ የላካችሁበትን ደረሰኝ አያይዛችሁ ደብዳቤ መጻፍ ግን ትችላላችሁ። የቢሮው ባለሙያዎች የአንድን ቤተሰብ ልዩ ሁኔታ አይተው ስሌቱን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ አላቸው፤ መቀበል ግን ግዴታቸው አይደለም። ከሥራ መውጣትና ከፍተኛ የሕክምና ወጪ ከዚህ ይልቅ ሚዛን የሚደፉ ምክንያቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ፋፍሳ የሚያየው የቆየ ታክስ ነው። ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው፣ ዛሬ ግን ኪሳችሁ ባዶ ሊሆን ይችላል።

«ካመለከትን ብድር ውስጥ ይከቱናል።»

ማመልከት መቀበል አይደለም። ግራንቱን ወስዶ ብድሩን አልፈልግም ማለት ይቻላል። ደግሞ ብድሩም የሚናቅ አይደለም፦ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የቤተሰቡ ገቢ ምንም ያህል ቢሆን፣ ያለ ዋስና ያለ ክሬዲት ምርመራ እስከ 5,500 ዶላር ከፌዴራሉ መንግሥት መበደር ይችላል። ፋፍሳ ካልተሞላ ይህ በር ዝግ ነው።

«ገንዘብ መጠየቅ የመግባት ዕድሉን ያጠብበታል» የሚለው ግን በከፊል እውነት ነው። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን ያያሉ። የማያዩም ብዙ ናቸው፤ ኮሌጁን በቀጥታ ጠይቁ።

«አምና ሞልተን አላገኘንም» ለምትሉ፦ በየዓመቱ እንደ አዲስ ነው የሚሞላው። ከ2024–25 ወዲህ የፌዴራሉ ቀመር በአንድ ጊዜ ሁለት ልጅ ኮሌጅ ላለው ቤተሰብ የነበረውን ቅናሽ ትቶታል፤ አንዳንድ የግል ኮሌጆች ግን ዛሬም ያዩታል።

ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ አመስግናችሁ አሰናብቱት። ፋፍሳ በነፃ ነው፤ በተለመደው ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለብዙ የስቴት ድጋፎች የመጨረሻው ቀን ማርች 1 ነው።