«የሙያ ሁሉ ጃክ»፦ ምስጋና ወይስ ነቀፋ?

እንግሊዞች ቧንቧ የሚጠግን፣ ግድግዳ የሚቀባ፣ ሲያሻውም የተሰበረ ወንበር የሚያቆም ሰው ሲያጋጥማቸው «የሙያ ሁሉ ጃክ» ይሉታል። ብዙ ጊዜም «በአንዱም ያልተራቀቀ» የሚል ጅራት ይቀጥሉበታል። እጁ የማይገባበት ሥራ የለም፣ የተራቀቀበትም የለም ማለታቸው ነው።

ለመሆኑ ይህ ጃክ ማን ነው? ማንም አይደለም። ጃክ የጆን የቁልምጫ ስም ሲሆን፣ ጆን ደግሞ ያው የእኛ ዮሐንስ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ጆን የሚባለው ወንድ ከመብዛቱ የተነሳ «ጃክ» ማለት ቀስ በቀስ ተራ ሰው፣ በተለይም ሎሌና የጉልበት ሠራተኛ ማለት ሆነ። መርከበኛውም ጃክ፣ ግንድ ቆራጩም ጃክ። የሎሌውን ሥራ የተኩት መሣሪያዎችም ስሙን ወረሱ፦ ቦት ጫማ ማውለቂያው፣ እሳት ላይ ሥጋ የሚያዞረው፣ ሾፌሮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው ክሪክ የሚሉት የመኪና ማንሻ ሳይቀር። በመጫወቻ ካርታም ከንጉሡና ከንግሥቲቱ በታች የሚቆመው ሎሌ ጃክ ነው።

በስሙ መሳለቅ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1592 ደራሲው ሮበርት ግሪን አንዱን ተፎካካሪ በላቲን «ሁሉን አድራጊ ዮሐንስ» ብሎ ዘልፎት ነበር፤ ተዘላፊው ሼክስፒር እንደሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ጃክ ያለበት የእንግሊዝኛው አባባል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲጻፍ ጅራት አልነበረውም፤ «በአንዱም ያልተራቀቀ» የሚለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተጨመረ። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ «ቢሆንም በአንድ ብቻ ከመራቀቅ ይሻላል» የሚል ሦስተኛ ሐረግ ታክሎበት፣ ሙሉውና ጥንታዊው አባባል ይህ ነው ሲባል ይታያል። አጽናኝ ነው፤ ነገር ግን የዘመናችን ቅጥያ እንጂ የጥንት አይደለም።

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁሉም ነገር እንደ ተናጋሪው ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲለው ትሕትና ነው። ስልክ የሚያነሳ፣ ሒሳብ የሚይዝና ዕቃ የሚቆጥር አንድ ሠራተኛ ብቻ ባለበት ሱቅ ባለቤቱ ቢለው ምስጋና ነው። ስለ ቀዶ ሐኪም ከተባለ ግን ሌላ ሐኪም መፈለግ ነው! በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ላይ ራስን እንዲህ ብሎ ማስተዋወቅንም አልመክርም፤ ቀጣሪው ያልተጻፈውን ጅራት ራሱ ይጨምርበታል።