በሰሜን ሸዋ ቤቶች የቦይለር የውኃ ግፊት መብዛት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና አፈታቱ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ከቧንቧ የሚቀዳው ውኃ እጅ ያደነዝዛል። ቤት የሠራ ሰው ገና ቀለሙ ሳይደርቅ የኤሌክትሪክ ቦይለር ቢያስብ አያስገርምም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ግን ቦይለር ትዝ አይለውም። እንግዲህ የቦይለር ነገር በሰሜን ሸዋ በዋናነት የደጋው ጉዳይ ነው፤ የግፊት ችግሩም እንደዚያው።

የግፊት መብዛት ምልክቶች ብዙ ናቸው። ከቦይለሩ ሥር ካለችው ሴፍቲ ቫልቭ፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ ከምታስተነፍሰው መክፈቻ፣ ውኃ ይንጠባጠባል። ቦይለሩን ከግድግዳው ቧንቧ ጋር የሚያገናኘው ፍሌክሲብል ያብጣል፣ አንዳንዴም ሌሊት ፈንድቶ ቤቱን ያጥለቀልቃል። ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው የሻወሩ ሚክሰር ሲከፈት ይጮኻል፤ ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ «ጓ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከእነዚህ ሁሉ ሰው ቶሎ የሚያየው ነጠብጣቡን ነው፤ በብዛት የሚሳሳተውም በእሱ ነው።

ውኃ ሲሞቅ ይለጠጣል። በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የገባ ውኃ 65 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 2 በመቶ ይጨምራል፤ ባለ 50 ሊትር ቦይለር አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ሲሞቅ አንድ ሊትር ገደማ ትርፍ ውኃ ይኖረዋል ማለት ነው። ውኃ ደግሞ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ አይታመቅም። ሴፍቲ ቫልቯ ብዙ ጊዜ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ክዳን በውስጧ ስላለ፣ ትርፉ ወደ መጣበት መስመር መመለስ አይችልም። ሙቅ ውኃ የሚቀዳ ሰው ከሌለ በቦይለሩ ጋን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና በቫልቯ አካል ላይ ከተጻፈው ልክ፣ ማለትም እንደ ሥሪቱ 7 ወይም 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ ቫልቯ ተከፍታ ታስተነፍሳለች። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚወርድ ነጠብጣብ ብልሽት አይደለም፤ ቫልቯ ሥራዋን እየሠራች ነው።

በብዙ ቤት የሚታየው መፍትሔ ግን ሌላ ነው። የቫልቯ ማፍሰሻ አፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሽቦ ይታሰራል፤ ወይም የእንጨት ውታፍ ይገባበታል። ከሥሩ የነበረው ባልዲ ይነሣል፤ ወለሉም ይደርቃል፤ የቤቱ ባለቤትም «ተሠራ» ይላል። ይህን ያህል ርካሽ የሆነ ይህን ያህልም አደገኛ ጥገና መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ወዲያ ግፊቱ የሚወጣበት መንገድ ያጣል፤ ደካማውን ቦታ ሲፈልግም ፍሌክሲብሉን፣ የጋኑን ብየዳ ወይም ውኃውን የሚያሞቀውን የሬዚስታንሱን ጎሚኒ ያገኛል።

መንስኤውን ለመለየት ዋናው ጥያቄ «ውኃው የሚንጠባጠበው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ቦይለሩ ሲበራ ጀምሮ ሲሞቅ የሚቆም ከሆነ ከላይ የተባለው መለጠጥ ነው። ቦይለሩ ጠፍቶም፣ በተለይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ነው። ቀን ሁሉም ሰው ሲቀዳ በመንገድ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ከተማው ሲተኛ ግን ውኃው አይንቀሳቀስምና ግፊቱ የከተማው የውኃ ማጠራቀሚያ ካለበት ከፍታ እስከ ቤቱ ባለው ቁልቁለት ይወሰናል። ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ቁልቁለት 1 ባር ይቆጠራል። እንደ ደብረ ሲና ባለ ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማ፣ ከማጠራቀሚያው 80 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ ቤት ሌሊት ወደ 8 ባር ቢያይ የስሌት ጉዳይ ነው። ነጠብጣቡ ሌት ተቀን የማያቋርጥ ከሆነና ግፊቱ ሲለካ ደኅና ከሆነ ደግሞ በቫልቯ መቀመጫ ላይ አሸዋ ወይም ኖራ መሰል ቆሻሻ ተቀምጧል። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ በየጊዜው ዝገትና ደለል ይዞ ስለሚገባ ይህ የተለመደ ነው። የቫልቯን እጀታ አንሥቶ ለጥቂት ሰከንድ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ቫልቯ ትለወጣለች።

ጣሪያ ላይ ባለ ሮቶ ብቻ የሚጠቀም ቤት ከመስመር ግፊት ነፃ ነው። ሮቶው ከሻወሩ 5 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግማሽ ባር ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ ያንሳል ተብሎ ውኃ የሚገፋ ዲናሞ ሲጨመር ነው። የዲናሞው አውቶማቲክ ማጥፊያ ከተበላሸ ወይም ከልክ በላይ ከጠበቀ ሞተሩ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶም መግፋቱን አይተውም፤ ያኔ ነጠብጣቡ ከሞተሩ ድምፅ ጋር አብሮ ይመጣል።

ከቫልቯ የሚወጣው እጅ የሚያቃጥል ውኃ ወይም እንፋሎት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ቴርሞስታት ተጣብቆ ቦይለሩ ያለ ገደብ እየሞቀ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በ3 ባር ግፊት የታሸገ ጋን ውስጥ ግን እስከ 140 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይሞቃል። ጋኑ በዚያ ሰዓት ቢቀደድ የውኃው ከፊል በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ የቦይለር ፍንዳታ የሚባለው ይኸው ነው። መብራቱን ከማከፋፈያው ማጥፋት፣ ከሥሩ መራቅና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ እንጂ ሌላ የሚነካ ነገር የለም።

ለመስመር ግፊት ሁነኛው መፍትሔ ከቆጣሪው በኋላ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ማስገባትና በ3 ባር አካባቢ ማስተካከል ነው። ከዚያ በፊት ግን በጓሮ ቧንቧ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥሞ አንድ ሌሊት ማሳደር ይገባል፤ ቀን የተለካ ግፊት ብዙ ያታልላል። መቀነሻው ለቦይለሩ ብቻ ከተገጠመ ቀዝቃዛው ከሙቁ በልጦ ሚክሰሩ ውስጥ ይገፋዋል፣ የሻወሩም ሙቀት አልስተካከል ይላል፤ ስለዚህ ለቤቱ በሙሉ ይሁን። በመለጠጥ የሚወጣውን ውኃ ማስቀረት የሚፈልግ ሰው በቀዝቃዛው መግቢያ በኩል፣ ከሴፍቲ ቫልቯ በኋላ፣ ኤክስፓንሽን ታንክ ይጨምራል። ይህ በጎማ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ ጋን ነው፤ በአንዱ ወገን ያለው አየር ይታመቅና ለትርፉ ውኃ ቦታ ይለቃል። አየሩ የሚሞላው በመስመሩ ግፊት ልክ ነው። የአየር መሙያው አፍ ሲነካ ውኃ ከወጣ ጎማው ተቀዷል።

የውኃ መመለስ መከልከያውን «ነጠብጣቡ ይቅር» ብሎ አውጥቶ መጣል ሌላው ስሕተት ነው። ነጠብጣቡ በርግጥ ይቀራል፤ የመስመሩ ውኃ በተቋረጠ ቀን ግን ቦይለሩ ወደ ኋላ ይፈስና ሬዚስታንሱ ደረቅ ላይ ይቃጠላል።

የመስታወት ቱቦ ያላቸው የፀሐይ ማሞቂያዎች አብዛኞቹ ግፊት የሚችሉ አይደሉም። ከሮቶ ወይም ተንሳፋፊ ካለው ትንሽ ጋን ይሞላሉ እንጂ በቀጥታ ከመስመር አይገናኙም። በራዲያተር ክፍል የሚያሞቁ ዝግ ሥርዓቶችም እንደዚሁ የራሳቸው ልክ አላቸው፦ ሲቀዘቅዙ ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ ሲሞቁ 2 ባር ገደማ፤ ሴፍቲ ቫልቫቸው በ3 ይከፈታል። በእነሱ ግፊት ከበዛ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት በደንብ ያልተዘጋ መሙያ ቧንቧና አየሩ ያለቀ ኤክስፓንሽን ታንክ ናቸው።

ለደጋው አንድ ነገር ይጨመራል። የሴፍቲ ቫልቯ ማፍሰሻ ቱቦ በግድግዳ ተበስቶ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ውስጡ የቀረው ውኃ በውርጭ ሌሊት በረዶ ሆኖ አፉን ሊዘጋው ይችላል። ቱቦው ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይውረድ፤ ውኃ የሚተኛበት ጎባጣ አይኑረው፤ ቢቻል ደግሞ መጨረሻው እዚያው መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ ይሁን።