ለትንሽ ትራክተር ባኬት ጥርስ ሲመረጥ

ደረቅ መሬት በአካፋ ለመቆፈር የሞከረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አካፋው ይንሸራተታል፣ ክንድ ይዝላል፣ መሬቱ ግን ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ዶማ ይፈታዋል፣ ከዚያ አካፋ ያነሳዋል። የትንሽ ትራክተር የፊት ሎደርም፣ ማለትም ከትራክተሩ ፊት ባኬት (አፈር ማፈሻ) ይዞ የሚያነሳው ክንድ፣ ችግሩ ይኸው ነው። ባኬቱ ከፋብሪካ ሲመጣ ከንፈሩ ልሙጥ ነው። የተፈታ አፈር፣ ጠጠር፣ ፍግ ወይም በረዶ ያነሳል፤ ጠጣር መሬት ላይ ግን ሽርተት ይላል። የጥርስ ባር ለዚህ አካፋ ዶማ ይጨምርለታል። ከባኬቱ ከንፈር ጀርባ የሚተኛ ወፍራም ብረት ነው። ጥርሶች ተበይደውበታል፣ ግራና ቀኝ ጫፉ ደግሞ በባኬቱ የጎን ላሜራዎች ላይ በቡሎን ይታሰራል።

የምናወራው አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ኤከር ያላቸው ሰዎች ስለሚገዟቸው ትራክተሮች ነው፤ ኩቦታ፣ ጆን ዲር፣ ማሂንድራና የመሳሰሉት፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸው። እነዚህ ማሽኖች ቀላል ናቸው። መሬቱ እምቢ ሲላቸው ጎማቸው ይሽከረከራል እንጂ ባኬቱ አይገባም። ጥርስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ 60 ኢንች ሙሉ ላይ የሚበተነው ግፊት 6 ወይም 7 ጫፎች ላይ ይሰበሰባል። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ መሬት የገዛ ወገን ካለ፣ በጋ ላይ ያ ቀይ ሸክላ አፈር እንዴት እንደሚደርቅ ያውቀዋል። እዚያ መሬት ላይ ልሙጥ ባኬት ይዞ መቆፈር ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የተለመደው ነው፤ ጥርሶቹ ተራርቀው የተበየዱበት፣ የጥርሱ ጫፍ ደግሞ በፒን ስለሚያዝ ሲያልቅ ፒኑ በመዶሻ ተመትቶ ይወጣና ጫፉ ብቻ የሚቀየርበት። ሁለተኛው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ይሄኛው ቁጥቋጦና ሥር በመቁረጥ ይበልጣል፣ ቀጭን ሥር በጥርሶች መሃል ሾልኮ አያመልጠውም። ድንጋይ የበዛበትና የደረቀ መሬት ላለው ግን እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጠልቆ ይገባል፣ ድንጋይም ከሥሩ ገብቶ ይፈነቅላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬት ላይ ነው። ሻጩ «60 ኢንች ባኬት» ሲል የውጭውን ስፋት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ለእናንተ የሚያስፈልገው ውስጡ ነው፣ ከጎን ላሜራ እስከ ጎን ላሜራ፣ ያውም ልክ ከንፈሩ ጋ። ያገለገለ ባኬት ጎኑ የተጣመመ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ ማዘዝ ጥሩ አይደለም። ባሩ በጣም ካጠረ ቡሎኑ ሲጠብቅ ጎኖቹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ትንሽ ክፍተት ከሆነ በሮንዴላ ይሞላል። የከንፈሩንም ውፍረት ለኩ፤ የጥርሱ እግር ከንፈሩን እንደ መንጋጋ ነክሶ ነው የሚቀመጠው። ከንፈሩ ላይ በቡሎን የታሰረ ተጨማሪ መቁረጫ ብረት ካለ ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት ለሻጩ ንገሩት።

መግጠሙ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፉ። ባሩን አስገብታችሁ ጥርሶቹ ከንፈሩን አጥብቀው እስኪነክሱ ወደ ኋላ በመዶሻ ግፉት፣ በሞርሳ ያዙት፣ ከዚያ ቀዳዳውን ምልክት አድርጉ። በቀጭን ፑንታ ጀምሩ፣ በወፍራሙ ጨርሱ፣ ትራፓኖውን በዝግታ አሽከርክሩ፣ ዘይት ጠብ እያደረጋችሁ። እዚህ ላይ ቸኩሎ ቀዳዳውን ትንሽ ወደ ፊት ያደረገ ሰው ኋላ ይጸጸታል፤ ባሩ ከንፈሩ ላይ ካልተደገፈ የቁፋሮው ግፊት በሙሉ ሁለቱ ቡሎኖች ላይ ያርፋል። ጥርስ በቀጥታ ከንፈሩ ላይ የሚበይዱም አሉ። እኔ አልመክርም። በቡሎን የታሰረ ይፈታል፣ የተበየደ ግን እዚያው ይቀራል።

መፈታቱ ደግሞ የግድ ነው። በጥርስ ጠጠር አስተካክላለሁ ብትሉ መንገዱ እንደታረሰ ማሳ ይሆናል፣ ሣር ላይም ጠባሳ ይተዋል። ክብደትም አለው፤ እንደ ስፋቱ 30 ኪሎ ገደማ የሚደርስ ብረት ባኬቱ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ያን ያህል ጭነት ከማንሻ አቅም ይቀንሳል።

ጥርስ ያለው ባኬት ትራክተሩን ዶዘር አያደርገውም። ሩጦ ገብቶ መምታት፣ ወይም አንድ ጥግ ላይ ባለ ጥርስ ብቻ ጉቶ ለመንቀል መታገል የሎደሩን ክንድ ያጣምማል። ባኬቱን በትንሹ ወደ ታች አዘንብሉት፣ በዝግታ ግቡ፣ ሲነክስ ወደ ላይ እየጠቀለላችሁ አንሱ። ከኋላ ክብደት እሰሩ፣ አለዚያ የኋላ ጎማ ይንሳፈፋል። ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ደግሞ 811 ደውሉ፤ አሜሪካ ውስጥ መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስመሮችን የሚያስጠቁም የስልክ ቁጥር ነው። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ የጋዙን መስመር በቢጫ፣ የመብራቱን በቀይ፣ የውኃውን በሰማያዊ ምልክት ያደርጉላችኋል። ከቆጣሪው ወዲህ ወደ ጋጣው ወይም ወደ ጓሮው ቤት የተዘረጋውን የራሳችሁን መስመር ግን በአብዛኛው አያሳዩም፣ እሱን እናንተው ፈልጉ። ልሙጡ ባኬት ከላይ ሽርተት ብሎ ያልፈው የነበረውን ሽቦ ጥርሱ ይበጥሰዋል።