ቫዮሊን ምንድን ነው?

ቫዮሊን በአገጭና በትከሻ መካከል ተይዞ በደጋን የሚጫወቱት ባለአራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ “ቪዮሊኖ” ማለት ትንሽ ቪዮላ ማለት ነው። ቪዮላና ቼሎ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ከሦስቱ በአካል ትንሹ፣ በድምፅም ቀጭኑ እሱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክብደቱም ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው።

ቫዮሊንን ከብዙ የክር መሣሪያዎች የሚለየው ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ ግን መልሴ አንድ ነው፦ ድምፁ አይሞትም። የጊታር ክር ስትመቱ ወይም የፒያኖ ቁልፍ ስትጫኑ ድምፁ ወዲያው መድከም ይጀምራል። ተጫዋቹ ከዚያ በኋላ ብዙ የሚያደርገው ነገር የለም። ቫዮሊን ላይ ደጋኑ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ድምፁ አለ። በዝግታ ጀምሮ ማጉላት፣ መሀል ላይ ማሳሳት፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ማንሳት ይቻላል። ዘፋኝ በትንፋሹ የሚሠራውን ቫዮሊን ተጫዋች በቀኝ እጁ ይሠራዋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ደጋኑ ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ነው፤ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ነጭ ፀጉር። ጭራው ብቻውን ክሩ ላይ ቢንሸራተት ድምፅ አይወጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ሮዚን የሚባል ጠጣር ነገር ይቀባል። ሮዚን ጭራውን እንዲይዝ ያደርገዋል። ደጋኑ ሲሳብ ጭራው ክሩን ይዞ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ክሩ ሲወጠር ሲወጠር ቆይቶ ያመልጠዋል፣ ይመለሳል። ጭራው መልሶ ይይዘዋል። መያዝ፣ ማምለጥ፣ መያዝ፣ ማምለጥ። “ላ” በሚባለው ክር ላይ ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 440 ጊዜ ይደጋገማል። እኛ የምንሰማው ግን አንድ ለስላሳ፣ ያልተቆራረጠ ድምፅ ነው።

እንዲያውም ዐይናችንም ይታለላል። ሲጫወት ክሩን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጫፎቹ ላይ ቀጭን፣ መሀሉ ላይ ሰፋ ያለ ጭጋግ ይመስላል። ክሩ በየቅጽበቱ የሚይዘው ቅርጽ ግን ሌላ ነው፦ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮችና በመካከላቸው አንዲት ማዕዘን። ያቺ ማዕዘን ከክሩ ዳር እስከ ዳር እየሮጠች ትመላለሳለች። ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በልዩ ማይክሮስኮፕ አይቶ ያስረዳው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። እኔ ስለዚህ መሣሪያ ካወቅኋቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

የቀኝ እጅ ሥራ እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ማመጣጠን ነው፦ የደጋኑን ፍጥነት፣ ክሩ ላይ የሚያርፈውን ጫና፣ ጭራው ከብርኩማው (ክሮቹ ከሚያርፉበት ትንሽ እንጨት) ምን ያህል እንደራቀ። ጫናው ከበዛ ክሩ በሰዓቱ ማምለጥ ያቅተዋል፤ ድምፁ ይሻክራል። ካነሰ ደግሞ ይፏጫል። ጀማሪ ሲጫወት ጆሮ የሚያሳክከው ለዚህ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው አይደለም።

ክሩ ብቻውን ግን ቀጭን ነገር ነው። አየርን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አየር አይገፋም። አዳራሽ የሚሞላው ሳጥኑ ነው። ክሮቹን ከፍ አድርጎ የያዘው ብርኩማ ንዝረታቸውን ተቀብሎ ወደ ሳጥኑ የላይኛው ገጽ ያስተላልፋል። ይህ ገጽ ስፕሩስ ከሚባል ቀላል እንጨት የሚሠራ ሲሆን ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባውና ጎኖቹ ከሜፕል እንጨት ናቸው። ጣት የሚያርፍበት ጥቁሩ ሰሌዳ ከዞጲ ይሠራል፤ የጣትን ፍትጊያ የሚችል ጠንካራ እንጨት ነው። ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት የተጠማዘዙ ቀዳዳዎች ለጌጥ ብቻ የተቀደዱ አይደሉም። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር በእነሱ በኩል ይተነፍሳል፤ የወፍራሞቹን ክሮች ድምፅ የሚያደልበው እሱ ነው።

በቀዳዳዎቹ አጮልቃችሁ ብታዩ ደግሞ አንዲት ትንሽ የቆመች ዘንግ ታገኛላችሁ። ውፍረቷ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከብርኩማው አንድ እግር አጠገብ ቆማ የላይኛውን ገጽ ከጀርባው ጋር ታገናኛለች። በሙጫ አልተጣበቀችም፤ የያዛት ግፊት ብቻ ነው። ጣልያኖችም ፈረንሳዮችም በየቋንቋቸው “ነፍስ” ይሏታል። አንድ ሚሊ ሜትር ብትነቃነቅ የመሣሪያው ድምፅ ይለወጣል። አራቱም ክሮች በአንዴ ከተፈቱ ልትወድቅም ትችላለች። ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ግራ እጅ ሌላ ጣጣ አለበት። ጊታር ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚነግሩ የብረት መስመሮች አሉ። ቫዮሊን ላይ ምንም ምልክት የለም። ጣት በጥቂቱ ካለፈ ወይም ከቀረ ድምፁ ከቅኝት ይወጣል። ዳኛው ጆሮ ብቻ ነው። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ክሮቹ ድሮ ከበግ አንጀት ነበር የሚሠሩት። ዛሬ ብረትና ሰው ሠራሽ ክር በዝቷል።

የመስመሩ አለመኖር ለጀማሪ ፈተና፣ ለሙዚቃው ግን በረከት ነው። ጣትን አንሸራትቶ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ መንካት ይቻላል። ቫዮሊን ከተወለደበት አውሮፓ ወጥቶ የሌሎችን ሙዚቃ በቀላሉ የለመደው በዚህ ይመስለኛል። በደቡብ ሕንድ የካርናቲክ ሙዚቃ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ዋና መሣሪያ ሆኗል። እዚያ ተጫዋቹ መሬት ላይ ተቀምጦ የቫዮሊኑን ራስ እግሩ ላይ ያሳርፋል። በዐረብ ሙዚቃም ቦታው ትልቅ ነው። በአየርላንድ ሕዝባዊ ሙዚቃ “ፊድል” የሚባለውም ያው ቫዮሊን ነው፤ የሚለየው አጨዋወቱ ነው።

የተወለደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣልያን ነው። ክሬሞናና ብሬሻ የሚባሉት ከተሞች ዋነኞቹ ነበሩ። ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ካስያዙት አንዱ የክሬሞናው አንድሪያ አማቲ ነው። ከእሱ በኋላ እዚያው ከተማ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ መጣ። በ1737 እስኪሞት ድረስ ከ1,000 በላይ መሣሪያ እንደሠራ ይገመታል። 650 ያህሉ እስከ ዛሬ አሉ። ይህን ያህል ዕድሜ ካሰጧቸው ነገሮች አንዱ ሙጫው ነው። ከእንስሳት ቆዳ የሚዘጋጅ፣ በእርጥበትና በሙቀት የሚለቅ ሙጫ ነው። ጠጋኙ እንጨቱን ሳይሰብር ሳጥኑን ከፍቶ አድሶ መልሶ ይዘጋዋል።

በዚህ መልክ ያልተከፈተ አሮጌ ቫዮሊን ማግኘት ከባድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳራሾች ሰፉ፣ የበለጠ ድምፅ ተፈለገ። የድሮዎቹ ቫዮሊኖች አንገት ረዘመ፣ ወደ ኋላም ጋደለ። የአገጭ ማሳረፊያው የመጣው በ1820 አካባቢ ነው፤ ሐሳቡ የጀርመናዊው ቫዮሊኒስት ሉድቪግ ሽፖር ነበር። ደጋኑንም ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ቱርት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ አሁን ያለውን ቅርጽ አስያዘው።

ስለ ስትራዲቫሪ “ምስጢር” ብዙ ይወራል። ቫርኒሹ ነው፣ እንጨቱ ነው ይባላል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ግን ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያዩ አሮጌና አዲስ ቫዮሊኖችን እንዲሞክሩ አድርጎ ነበር። አብዛኞቹ የመረጡት አዲስ የተሠራ ነው። ስትራዲቫሪ ታላቅ ባለሙያ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። ግን ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ሲሆን ዛሬ ያሉትን ጥሩ ሠሪዎች ይሸፍንብናል። ክሬሞና ውስጥ እስካሁን በእጅ ይሠራል፤ ዩኔስኮም ሙያውን በ2012 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ለልጅ ቫዮሊን ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። መጠኑ በክፍልፋይ ነው የሚጠራው፦ 4/4 ሙሉው ነው፣ ከዚያ 3/4፣ 1/2 እያለ እስከ 1/16 ይወርዳል። 1/2 ማለት ግን የሙሉው ግማሽ ቁመት ማለት አይደለም፤ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ አትግዙ፤ የልጁን ክንድ አስለኩ። ተጫውቶ ሲጨርስ የደጋኑን ጭራ እንዲያላላ፣ ክሮቹ ላይ የተረፈውን የሮዚን ዱቄትም በደረቅ ጨርቅ እንዲጠርግ አስለምዱት። ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይተው፤ ሙጫው በሙቀት ይለቃል።