«የሩዝ ወረቀት» ሩዝ የለበትም፦ በእጅ ስለሚሠራ ወረቀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙዎች «የሩዝ ወረቀት» የሚሉትን፣ ዋሺ የሚባለውን በእጅ የሚሠራ የጃፓን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ቅደዱት። እንደ ደብተር ወረቀት ጥርት ብሎ አይቀደድም። ጠርዙ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ረጃጅም ክሮች ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ወረቀት የሚወራው ስህተት ሁሉ እነዚያን ክሮች ካለማየት የሚመጣ ይመስለኛል።

«ከሩዝ ነው የሚሠራው»
አይደለም። ዋሺ በአብዛኛው የሚሠራው ኮዞ ከተባለ ተክል ቅርፊት ነው። ቬትናሞች ምግብ የሚጠቀልሉበት ስስ የሩዝ ቂጣ አለ፤ እሱ ግን ይበላል እንጂ አይጻፍበትም።

«የእጅ ሥራ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል»
ይሄኛው በጣም ይቆረቁረኛል፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነውና። ጃፓን ናራ ከተማ፣ ሾሶኢን በተባለው ግምጃ ቤት፣ በ702 እ.ኤ.አ. የተጻፉ የሕዝብ መዝገቦች ዛሬም አሉ። እቤት ያስቀመጥነው የድሮ ጋዜጣ ግን ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል። ጋዜጣ ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር አብሮት ይቀራል፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው። የእንጨቱ ክርም አጭር ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። የኮዞ ክር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሙዚየሞች የተቀደደ ጥንታዊ ጽሑፍ በስስ ዋሺ የሚጠግኑት ወደው አይደለም።

«ቅርፊት ፈጭቶ በሙጫ ማያያዝ ነው»
ቢፈጭማ ክሩ ይቆራረጥ ነበር። በብርድ ወራት የተቆረጠው ቅርንጫፍ በእንፋሎት ይበስላል፤ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ጥቁሩ ሽፋን ይፋቃል። ነጩ በአመድ ውሃ ወይም በሶዳ ይቀቀልና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ እናቶቻችን ምስር እንደሚለቅሙት፣ ጎንበስ ብለው ጉድፉን አንድ በአንድ በጣት ይለቅማሉ። ቀጥሎ ክሩ እስኪለያይ ይደበደብና ውሃ በሞላው ገንዳ ተበትኖ በወንፊት ይቀዳል። ገንዳው ውስጥ የሚጨመረው ዝልግልግ ፈሳሽም ሙጫ አይደለም። ቶሮሮ አኦይ ከሚባል የባሚያ የቅርብ ዘመድ ሥር የሚወጣ ነው። ባሚያ የከተፈ ሰው ያውቀዋል። ሥራው ክሩ እንዳይዘቅጥ መያዝና ውሃው በወንፊቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ሠሪው ወንፊቱን ወዲህ ወዲያ እያወዛወዘ ክሩን የሚያጠላልፈው በዚያች ፋታ ነው። ዩኔስኮም በ2014 እ.ኤ.አ. በቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ሙያ ነው።

«ዛፍ ይጨርሳል»
ኮዞ ልክ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ ይቆረጣል፤ በየዓመቱ ይበቅላል።

«የእኛ ብራናም በእጅ የተሠራ ወረቀት ነው»
ብራና ቆዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፍየል። ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይዘጋጃል። ወረቀት ግን ክሩ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ወንፊት ላይ እንደገና ሲያያዝ የሚፈጠር ነው። ይህን የምለው ብራናን ለማሳነስ አይደለም። ጸሐፊው ብራና ላይ የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቆ ያርማል። ዋሺ ላይ ግን ቀለሙ ክሩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ ፍቆ ማረም ይከብዳል።