በፊልም ውስጥ «ውክልና» ማለት ምንድን ነው?

ስለ አንድ ሀብታም ቤተሰብ የሚያወራ ፊልም በወጣ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። አንዱ «የቤት ሠራተኛዋ ከእኛ ብሔር ናት፤ ተወክለናል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሠራተኛ አድርገው ነው ያቀረቧት፤ ተሰድበናል» ይላል። ሁለቱም ሰው እየቆጠሩ ነው። ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ይህንኑ ቆጠራ «የውክልና ጥናት» ሲለው ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ስህተቱን ያመጣው ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። ውክልና ሲባል ቶሎ የሚታየን ወረቀቱ ነው። ወካይ ይፈርማል፤ ወኪል በስሙ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይከራከራል። እሺ፣ በወረቀቱ እንሂድ። በፊልሙ ውስጥ ወኪሉ ማን ነው? ሠራተኛዋ አይደለችም። ለእሷ የፈረመላት ሕዝብ የለም። ወኪሉ ፊልም ሠሪው ነው። በእሷ ስም የሚናገረው እሱ ነው፤ ያውም ማንም ሳይወክለው። ወረቀት ቢሆን ወካዩ ሲከፋው ይሽረዋል። ይህን ግን የሚሽረው የለም፤ ምስሉ ለዓመታት ይታያል። ስለዚህ «አለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በስሟ ምን ተፈረመ?

አንድ የእራት ትዕይንት አስቡ። ሠራተኛዋ ሾርባ ይዛ ትገባለች። እጇ ሳህኑን ሲያስቀምጥ እናያለን፤ ካሜራው ወዲያው ወደ ጌታዋ ፊት ይመለሳል። አሁን ደግሞ ካሜራው እሷን ተከትሎ ይውጣ። ማድ ቤት ገብታ ቁጭ ትላለች፤ የሳሎኑ ሳቅ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ሴትየዋ ያው፣ ሥራዋ ያው፣ ብሔሯም ያው። እኛ የቆምንበት ቦታ ግን ተቀይሯል። ቆጠራው ይህንን አያይም።

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ይህን አሳይቶናል። ዋና ባለታሪኳ ዲዋና ከዳካር ወደ ፈረንሳይ አሠሪዎቿ ቤት ትሄዳለች። ለእነሱ የምትናገረው ጥቂት ነው። የልቧን ግን እኛ እንሰማለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ያ የውስጥ ድምፅ የተዋናይዋ አይደለም፤ የሄይቲዋ ተዋናይ የቶቶ ቢሳንት ነው። ድምፅ ከፊት ተለይቶ ሊሠራ እንደሚችል የማያውቅ ሰው «ራሷ ተናገረች» ሲል ይቸኩላል።

የፊልም ኤዲተር (የተቀረጸውን ቆርጦ የሚያያይዝ) ስለሆንኩ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሠራተኛዋ የታየችበትን ደቂቃ ለክቶ መፍረድ ያሳስታል። ፊቷ ላይ የቆየ 4 ሰከንድ፣ ከሰው ጀርባ ቆማ ካሳለፈችው 10 ደቂቃ ሊበልጥ ይችላል። ደግሞ ፊልም ሲረዝም መጀመሪያ የሚቆረጠው «ታሪኩን አይገፋም» የተባለው ነው። ብቻዋን የተቀመጠችባቸው ትዕይንቶች እዚያ ውስጥ ናቸው። ስክሪፕቱ ላይ ሙሉ ሰው የነበረች ሴት ከእኛ ከኤዲተሮቹ ክፍል እጅ ብቻ ሆና ስትወጣ አይቻለሁ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም።

«ተዋናይዋ ከዚያው ሕዝብ ከሆነች አለቀ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የአልፎንሶ ኳሮንን «ሮማ» ውሰዱ። በሜክሲኮ ሲቲ የተደላደለ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሠራተኞች ከቤተሰቡ ጋር በስፓኒሽ፣ እርስ በርሳቸው ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በሚክስቴክ ያወራሉ። መሪ ተዋናይዋ ያሊትሳ አፓሪሲዮ ራሷ የነባር ሕዝቦች ልጅ ናት። ሚክስቴክን ግን ለፊልሙ ስትል መማር ነበረባት። ትውልድ ብቻውን ቋንቋውን አላመጣላትም። መማሯ፣ ቋንቋው በቤቱ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ፣ ትርጉሙ ከግርጌ መጻፉ፣ እነዚህ ሁሉ ሰው ተቀምጦ የወሰናቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን መደብና ብሔር ሲምታቱ ነው። አንድ ሕዝብ ሁልጊዜ ሳህን ተሸካሚ ሆኖ ሲቀርብ ጉዳቱ ከስድብም ያልፋል። ድህነቱ ከደሙ የመጣ ይመስላል። የሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓቷ፣ ለምን ከቤቷ እንደወጣች ከታሪኩ ይጠፋሉ። ተንታኙ ያቀረበው መፍትሔ «የቤቱን ባለቤቶች ከዚያው ብሔር ማድረግ» ነበር። እሺ፣ ቪላውን ለእነሱ እንስጥ። እራቱ ይቀርባል፣ ሳህኑ ይነሳል። ማድ ቤት ውስጥ አሁንም አንዲት ሴት ቆማለች፤ ካሜራው አሁንም አልተከተላትም።