«ታይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም
በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ እንግሊዝኛ የሚማሩ ተማሪዎች «ታይ» የሚለውን ግስ «ማሰር» ብለው ይይዙታል፤ ፍቺው ትክክል ነው፣ ነገር ግን የአማርኛው «ማሰር» ከእንግሊዝኛው እጅግ ይሰፋል። የመንዝ ገበሬ በጉን በገመድ ከግንድ ጋር ሲያስር ድርጊቱ «ታይ» ይባላል፤ የጫማ ክር ማሰርም እንዲሁ ነው። ፖሊስ ሌባውን አሰረው ስንል ግን፣ በገመድ ጠፍሮት ካልሆነ በቀር፣ በዚህ ግስ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ በሕግ ጥላ ሥር ማዋል «አሬስት» ይባላልና። በሬ መጥመድም «ዮክ» የተባለ የራሱ ግስ አለው።

ቃሉ ስም ሲሆን ከረባት ማለት ነው፤ በብዙ ቁጥር ደግሞ በሰዎች ወይም በአገሮች መካከል ያለውን ትስስር ይገልጻል። በውድድር እኩል መውጣትን ያመለክታል፤ ይሁንና በብሪታንያ እግር ኳስ የጥሎ ማለፍ ግጥሚያው ራሱ «ታይ» ስለሚባል፣ የስፖርት ዜና የሚከታተል ሰው ቃሉን በሰማ ቁጥር ቡድኖቹ አቻ ተለያዩ ብሎ መረዳት የለበትም። «ታይድ አፕ» ነኝ የሚል ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ በዝቶበታል እንጂ አልታሰረም።

በአጻጻፍ በኩል፣ ግሱ ወደ «ታይንግ» ሲለወጥ መጨረሻው ላይ ያሉት «አይ» እና «ኢ» የተባሉት ሁለት ፊደላት ወጥተው በቦታቸው «ዋይ» ይገባል።